ደንበኛ የቁርጥ ቤት ፍለጋ በኮልፌ

ቁርጥ በዕለቱ ከታረደ በሬ ተቆርጦ ሳይበስል የሚበላ ሥጋ ነው፤ ብርንዶ የሚሉትም አሉ። ክትፎ ደግሞ ያው ጥሬ ሥጋ ጅማቱ ወጥቶለት፣ በቢላ ደቅቆ፣ በንጥር ቅቤና በሚጥሚጣ ሲታሽ የሚያገኘው ስም ነው። ሁለቱም ስሞች የመጡት ከሥጋው ሳይሆን ከቢላው ነው፤ አንዱ ከመቁረጥ፣ ሌላው ከመክተፍ። ይህን ልብ ያለ ሰው ጥሩ ቁርጥ ቤት ከመጥፎው የሚለየው ምን እንደሆነ ግማሹን መንገድ ሄዶ ያውቀዋል። በሬው ከየትም ይምጣ፣ መጨረሻ ላይ ነገሩ የሚያልፈው በአንድ ሰው እጅና በአንድ ስለት ነው።

ኮልፌ ቀራንዮ በአዲስ አበባ ምዕራብ ጫፍ የተዘረጋ ሰፊ ክፍለ ከተማ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ከ400 ሺህ በላይ ነዋሪ ተቆጥሮበት ከከተማዋ ክፍለ ከተሞች ሁሉ በሕዝብ ብዛት ቀዳሚ ነበር። ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ከጋሞ ደጋ የመጣው ሸማኔ፣ ኦሮሞውና አማራው ተቀላቅለው የሚኖሩበት፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን የሚተያዩበት ሰፈር ነው። አጠና ተራ ስሙን ያገኘው ከባሕር ዛፍ አጠና ንግድ ነው፤ ቀራንዮ ከመድኃኔ ዓለም ደብር ጋር ይጠራል። ከጦር ኃይሎች ተነስቶ በአየር ጤናና በካራ ቆሬ ወደ ጅማ የሚወጣው መንገድ፣ ከከተማ ለሚወጣ ሾፌርም ሆነ ወደ ቤቱ ለሚገባ ሠራተኛ፣ ቆም ብሎ ግማሽ ኪሎ ማስቆረጥን የሚጋብዝ መንገድ ነው። እንዲህ ባለ ሰፈር ውስጥ ሥጋ ቤት አይጠፋም። የሚጠፋው፣ ወይም ቢያንስ ቶሎ የማይገኘው፣ ደንበኛው ቤት ነው።

«ደንበኛ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ሦስት ሥራ ይሠራል። ገዢው የሻጩ ደንበኛ ነው። ሻጩም በገዢው አፍ «ደንበኛዬ» ይባላል። ጥሩውና ትክክለኛው ነገርም ደንበኛ ይባላል፤ ደንበኛ ሥጋ፣ ደንበኛ ቅቤ። የለመዱት ቤት ሲዘጋ፣ ቆራጩ ወደ ሌላ ቤት ሲዛወር ወይም ሰው ራሱ ከሰፈር ሰፈር ሲቀይር የሚጀመረው ፍለጋ እነዚህን ሦስት ትርጉሞች አንድ ቤት ላይ ለማግኘት የሚደረግ ልፋት ነው።

ያልበሰለ ነገር የሚቀርብበትን ቤት መርጦ መያዝ የኢትዮጵያውያን ብቻ ጣጣ አይደለም። ጃፓኖች በዚህ ነገር ከማንም በላይ ይጨነቃሉ። በአዲስ አበባም ሱሺ በቦሌ በኩል ባሉ ጥቂት ምግብ ቤቶች ስለሚቀርብ ስሙ ለከተማው ሰው እንግዳ አይደለም፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ወደ ቶኪዮ ይበራል። ሱሺ ሲባል ግን ብዙ ሰው የሚመስለው ጥሬ ዓሣ ነው፤ አይደለም። ሱሺን ሱሺ የሚያሰኘው በኮምጣጤ የታሸው ሩዝ ነው። ያለ ሩዝ የሚቀርበው፣ ተቆርጦ የሚበላው ጥሬ ዓሣ ሳሺሚ ይባላል። ስለዚህ የቁርጥ እውነተኛ ዘመዱ ሱሺ ሳይሆን ሳሺሚ ነው። ሱሺ መነሻው ዓሣን በሩዝ ውስጥ አብላልቶ ማቆየት ነበር፤ ዛሬ የሚታወቀው፣ በእጅ ተጨብጦ ወዲያው የሚቀርበው ዓይነት የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ኤዶ በምትባለው፣ በኋላ ቶኪዮ በተባለችው ከተማ የመንገድ ዳር ሻጮች ዘንድ ነው። የሠራተኛ ሰው ፈጣን ምግብ ነበር ማለት ነው፤ ወደ ውድ ምግብነት የተለወጠው ኋላ ነው። ቁርጥ ግን ተቃራኒውን መንገድ ተጉዟል ማለት ይቻላል። በነገሥታቱ ግብር ላይ በተሸካሚ እየዞረ እንግዳው በራሱ ቢላ እየቆረጠ ይበላው የነበረው ብርንዶ፣ ዛሬ ከአየር ጤና ታክሲ የወረደ ሰው በግማሽ ኪሎ የሚያዝዘው ሆኗል።

ጥሬ ሥጋ መብላት እንዴት እንደተጀመረ የሚነገረው ታሪክ የታወቀ ነው፤ ዘማች ጭሱ ለጠላት እንዳያጋልጠው እሳት ሳያነድ በላ ይባላል። ታሪኩ ጥሩ ነው፣ ማስረጃው ግን ቀጭን ነው። የተረጋገጠው ልማዱ የቆየ መሆኑ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በጎንደር ዘመን ያየውን የጥሬ ሥጋ ግብዣ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ሲጽፍ የለንደን አንባቢ ዋሽቷል ብሎ ሳቀበት። ዛሬ የለንደን ሰው ለጥሬ ዓሣ ወረፋ ይይዛል።

ወደ ቤቱ እንግባ። የኮልፌ ቁርጥ ቤት አሠራር ከሌላው የአዲስ አበባ ሰፈር እምብዛም አይለይም። ከፊት ለፊት፣ ከመስተዋት ጀርባ፣ ብልቱ በመንጠቆ ተሰቅሏል። ነጭ ጋዋን የለበሰ ቆራጭ፣ ሚዛን፣ የእንጨት መክተፊያና ሞረድ አለ። ከኋላ ወንበርና ጠረጴዛ፤ ከዚያም ወዲያ ጥብስ የሚጠበስበት ከሰል። ገባ ያለ ሰው መጀመሪያ አይቀመጥም፤ ልምድ ያለው ከሆነ ከተሰቀለው ሥጋ ፊት ይቆማል፣ ያያል፣ ይጠይቃል። «ሽንጥ ይሁንልኝ»፣ «ከሻኛው ጨምርበት»፣ «ግማሹን ቁርጥ፣ ግማሹን ጥብስ»። ቆራጩ ቆርጦ ይመዝናል፤ ቁርጡ በትሪ፣ ከእንጀራ ወይም ከዳቦ ጋር፣ ለየሰው ቢላ ተጨምሮ ይመጣል። አዋዜው፣ ሚጥሚጣውና ሰናፍጩ በትናንሽ ሳህን ይከተላሉ።

ሰናፍጩ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። ጃፓኖች ከጥሬ ዓሣ ጋር የሚያቀርቡት አረንጓዴው ዋሳቢና የእኛው ሰናፍጭ ከአንድ የዕፅዋት ወገን ናቸው፤ ጎመንም ከዚያው ነው። ሁለቱም ሲፈጩ የሚለቁት፣ ምላስን ሳይሆን አፍንጫን የሚወጋው ኃይል ከአንድ ዓይነት ኬሚካል ይመጣል። በርበሬና ሚጥሚጣ ግን ሌላ ነገር ናቸው፤ እነርሱ ምላስን አቃጥለው እዚያው ይቆያሉ። ሁለት ሕዝቦች ሳይተዋወቁ፣ አንዱ ለዓሣ አንዱ ለበሬ፣ ያልበሰለ ሥጋ ጎን ያንኑ አፍንጫ ወጊ ማስቀመጣቸው ያስገርማል። ሰናፍጩ ትኩስ ተፈጭቶ ከሆነ ይወጋል፤ ካደረ ኃይሉ ይበርዳል። አንድን ቁርጥ ቤት በመጀመሪያው ቀን ለመመዘን ከሰናፍጩ መጀመር መጥፎ ዘዴ አይደለም፤ ለትንሹ ሳህን የማይጠነቀቅ ቤት ለትልቁ ብልት ይጠነቀቃል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

ሥጋውን በዓይን ማንበብ ይቻላል፣ ግን ዓይንን የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። ብዙ ሰው ደማቅ ቀይ ሥጋን ትኩስ፣ ጠቆር ያለውን ያደረ አድርጎ ያያል። ነገሩ ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም። አሁን የተቆረጠ ሥጋ ከውስጥ ወይን ጠጅ የሚመስል ጠቆር ያለ መልክ አለው፤ ደማቅ ቀይ የሚሆነው አየር ካገኘው ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ነው። ስለዚህ ቆራጩ ገመስ ሲያደርገው ውስጡ ጠቆር ብሎ ቆይቶ ፊቱ የሚፈካ ሥጋ ጤነኛ ነው። የሚያሳስበው ፊቱ ቡናማ የሆነ፣ ሲነኩት የሚያዳልጥ፣ ወይም የተሰቀለበት ሥር ውሃ ያጠራቀመ ነው። የስቡ ቀለምም ይናገራል። ነጭ ስብ ብዙውን ጊዜ ወጣትና የተቀለበ ከብት ምልክት ነው፤ ቢጫ ስብ ደግሞ በሣር ያደገ ወይም ዕድሜው የገፋ ከብት ላይ ይበዛል። ቢጫ መሆኑ ብቻውን ነውር አይደለም፤ ቢጫው ከጠንካራ ሥጋ ጋር ሲመጣ ግን በሬው ከእርሻ ጡረታ የወጣ አርበኛ ነው ማለት ነው። በኢትዮጵያ ለዕርድ ከሚቀርበው ከብት ብዙው እንዲህ ያለ፣ ዘመኑን በሞፈርና ቀንበር አሳልፎ መጨረሻ ላይ የተቀለበ በሬ ነው። የሐረር ሰንጋ ስሙ የገነነው አርሶ አደሩ ወጣቱን በሬ ከደጁ አስሮ በእጁ እያጎረሰ ስለሚያደልበው ነው። በየቤቱ ግድግዳ ላይ «የሐረር ሰንጋ» ተብሎ የሚጻፈው ሁሉ ግን ከሐረርጌ የመጣ ነው ብሎ የሚያምን ደንበኛ የዋህ ነው።

ጊዜ ከመልክም በላይ ይወስናል። በዚህ ነጥብ ላይ ቁርጥና ሳሺሚ መንገዳቸው ይለያያል። ለሱሺ የሚቀርበው ዓሣ ትኩስ ነው የሚለው እምነት ብዙውን ጊዜ ስሕተት ነው፤ የጃፓን ባለሙያዎች ቱና የሚባለውን ትልቅ ዓሣ ጣዕሙ እንዲጎለብት ለቀናት በቅዝቃዜ ያቆዩታል፣ አብዛኛውም ከባሕር የሚመጣው ድንጋይ እስኪመስል ቀዝቅዞ ነው። የአውሮፓ ሥጋ ሻጭም በሬውን በቀዝቃዛ ክፍል ለሳምንታት ሰቅሎ ያቆያል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ከብት ከታረደ በኋላ ጡንቻው ውስጥ የቀረው ጉልበት ሲያልቅ ሥጋው ይገተራል፤ በበሬ ላይ ይህ መገተር ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይጠናቀቃል። እንደገና የሚለሰልሰው ቀናት ቆይቶ ነው። የእኛ ቁርጥ ግን የሚበላው መገተሩ ሳይጠናቀቅ ነው። ለስላሳነቱ የትኩስ ሥጋ ለስላሳነት እንጂ የቆየ ሥጋ ለስላሳነት አይደለም። ማቀዝቀዣ ባልነበረበት አገር የተፈጠረ ጥበብ ስለሆነ ሰዓትን በማቀዝቀዣ ፋንታ ይጠቀማል።

ከዚህ የሚወጣው ምክር ቀላል ነው። በአዲስ አበባ ከብት በቄራ የሚታረደው በአብዛኛው ሌሊት ነው፤ ሥጋው ማለዳ በመኪና ለየልኳንዳው ይከፋፈላል። ልኳንዳ የሚለው ቃል ራሱ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ በጣልያንኛ የእንግዳ ማረፊያ ማለት ነው፣ በአማርኛ ሥጋ ቤት ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ቁርጥ የሚበላ ሰው ከረፋዱ እስከ ምሳ ሰዓት ባለው ጊዜ ቢሄድ ጥሩውን ያገኛል። አመሻሽ ላይ ያለው ሥጋ የግድ የተበላሸ አይደለም፤ ግን ቀን ሙሉ በሞቃት አየር ተሰቅሎ፣ ዝንብና አቧራ ሲያየው የዋለ ነው፣ ጥሩ ጥሩውም ብልት ተቆርጦ አልቋል። አመሻሽ የጥብስ ሰዓት ነው።

የቀኑ ብቻ ሳይሆን የሳምንቱና የዓመቱም ሰዓት አለ። የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ረቡዕና ዓርብ ይዘጋሉ ወይም የጾም ምግብ ይሠራሉ፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ በነሐሴ ፍልሰታ 15 ቀን እንዲሁ። የሙስሊም ሥጋ ቤቶች ሳምንቱን ሙሉ ይሠራሉ፤ በረመዳን ግን ቀኑ ወደ ማታ ይዞራል። ዕርዱ በቄራ ውስጥ ሳይቀር የተለያየ ስለሆነ ቤቶቹ በበራቸው ላይ መስቀል ወይም ጨረቃና ኮከብ አድርገው ማን እንደሆኑ ያሳውቃሉ። ሁለቱ እምነቶች ጎን ለጎን በሚኖሩበት በኮልፌ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በአንድ መንገድ ላይ ዓርብ ቀን አንዱ መስተዋቱ ባዶ ሆኖ፣ ቀጥሎ ያለው ሙሉ ብልት ሰቅሎ ይታያል። አዲስ ቤት ለመሞከር የማይመቹት ቀኖች ደግሞ ብዙ ሰው የሚመርጣቸው ናቸው፦ የጾም ዋዜማ ቅበላና የፋሲካ ሰሞን። በነዚያ ቀኖች ፈላጊው ስለሚበዛ ቆራጩ ሳይመርጥ ይቆርጣል፣ ገዢውም ሳይመርጥ ይገዛል። ያን ቀን የተደሰተ ሰው ቤቱን ሳይሆን በዓሉን ነው የወደደው።

ክትፎ ቤት ለብቻው ሌላ ሙያ ነው። የጉራጌ ቤተሰቦች በመስቀል በዓል የሚያከብሩት ምግብ ወደ ከተማ መጥቶ የዓመት ሙሉ ንግድ ሆነ፤ የጉራጌ ነዋሪ በብዛት በሚኖርበት በኮልፌ ደግሞ ክትፎ የእንግዳ ምግብ ብቻ ሳይሆን የሰፈር ምግብ ነው። እዚህ መመዘኛው ሌላ ነው። መጀመሪያ፣ ሥጋው በእጅ ተከትፏል ወይስ በማሽን ተፈጭቷል? በማሽን የተፈጨው ይለጠፋል፣ ይሞቃል፣ ጅማቱም አብሮ ይፈጫል። በቢላ የተከተፈው እያንዳንዱ ቅንጣት ለብቻው ይታወቃል፤ ጅማቱም ተለቅሞ ይወጣል። ሁለተኛው ቅቤው ነው፤ በኮረሪማና በቅመም የተነጠረ ቅቤ ክትፎውን ይሸከመዋል፣ ያልተነጠረ ወይም በዘይት የተቀላቀለ ቅቤ ግን ምንም ዓይነት ሚጥሚጣ አያድነውም። አይቡ፣ ጎመኑና ቆጮው የቤቱን ጠባይ ይናገራሉ፤ ቆጮው በቀጭኑ ተጋግሮ ትኩስ ከመጣ ቤቱ ለሥራው ልብ አለው። ክትፎ ጥሬ፣ ለብለብ ወይም የበሰለ ተብሎ ይታዘዛል። ለብለብ የሚለው ምርጫ የብልኅ መካከለኛ መንገድ ይመስላል፤ ወደ ጤናው ጉዳይ ስንደርስ ግን እንደሚመስለው እንዳልሆነ ይታያል።

ጤናው ደግሞ መጀመሪያ መነሳት የነበረበት፣ ብዙውን ጊዜ ግን መጨረሻ የሚነሳ ጉዳይ ነው። የጥሬ የበሬ ሥጋ ትልቁ ጣጣ ኮሶ ነው። የኮሶ ትል እጩ በበሬው ጡንቻ ውስጥ በትናንሽ ከረጢት ተደብቆ ይቆያል፤ ያን ሥጋ ሳይበስል የበላ ሰው አንጀት ውስጥ በሁለት ሦስት ወር ጊዜ ያድጋል፣ ርዝመቱም ብዙ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ትሉ ክፍልፋዮቹን ከሰገራ ጋር ይጥላል፤ ሰገራው ሜዳ ላይ ከቀረ ከብቱ ከሣሩ ጋር ይበላዋል፤ ዑደቱ እንዲህ ይዘጋል። መጸዳጃ ቤት በሌለበት ቦታ የሚሰማራ ከብት ባለበት አገር ቁርጥ ቤቱ ብቻውን ይህን ሊያቆም አይችልም።

ሀገሩ ግን በሽታውን ያውቀዋል፤ መድኃኒቱንም እንደዚሁ። ኮሶ የትሉ ስም ብቻ አይደለም፤ የዛፍም ስም ነው። የደጋው የኮሶ ዛፍ አበባ ተወቅጦ እየተጠጣ ለዘመናት ትሉን አስወጥቷል፤ በ19ኛው መቶ ዘመንም የአውሮፓ ሐኪሞች ከኢትዮጵያ ወስደው ተጠቅመውበታል። ዛሬ ፋርማሲ የሚሸጡት ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል የሚባሉት እንክብሎች ያን ሥራ ይሠሩታል። ጥሬ ሥጋ አዘውትሮ የሚበላ ሰው በየጊዜው ተመርምሮ መድኃኒት መውሰዱ ጥሩ ልማድ ነው፤ ትሉን ማስወጣት ግን እንደገና ላለመያዝ ዋስትና አይሆንም።

በቄራ የሥጋ መርማሪዎች የከብቱን መንጋጋ፣ ምላስ፣ ልብና ትከሻ ሰንጥቀው ከረጢቱን ይፈልጋሉ፤ ያለፈው ሥጋ ማኅተም ይመታበታል። ማኅተሙ ዋጋ ያለው ነገር ነው። በከተማዋ ዳርቻ በጓሮ የሚታረድ ከብት ይህን ምርመራ አያልፍም፤ ኮልፌም የከተማ ዳርቻ ስለሆነች ደንበኛው «ማኅተሙን አሳየኝ» ማለቱ ነውር አይደለም፤ ጥሩ ቆራጭም ሲጠየቅ አይቆጣም። ይሁን እንጂ ምርመራው ሁሉንም አያገኝም። ጥቂት ከረጢት ያለው ከብት በተሰነጠቁት ቦታዎች ላይ ምንም ሳያሳይ ሊያልፍ ይችላል። ትሉን በርግጠኝነት የሚገድለው ሙቀት ነው፤ የሥጋው ውስጥ ወደ 60 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ መድረስ አለበት። ለብለብ ክትፎ ብዙ ጊዜ እዚህ አይደርስም፤ ቅቤው ሞቀ እንጂ ሥጋው አልበሰለም። አረቄም፣ ሚጥሚጣም፣ ሰናፍጭም ትሉን አይገድሉም፤ ከቁርጥ በኋላ አንድ መለኪያ የሚጨልጥ ሰው የሚያደርገው ለሆዱ ሳይሆን ለጨዋታው ነው። ያው አሉባልታ በጃፓንም አለ፤ ዋሳቢ የዓሣውን ትል ይገድላል ይላሉ፣ አይገድልም። በብዙ አገር የጤና ባለሥልጣናት በጥሬው የሚበላ የባሕር ዓሣ አስቀድሞ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ እንዲቆይ የሚያዝዙት ለዚህ ነው። ዛሬ በየአገሩ ሱሺ ላይ የሚገነው ሳልመን ዓሣም በጃፓን በጥሬው መበላት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኖርዌያውያን በእርባታ ያደገውን ዓሣቸውን ከትል ነፃ ነው ብለው ካሳመኗቸው ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት ጃፓኖች ሳልመንን ያበስሉት ነበር።

ጥሬ ዓሣ በኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። ሐዋሳ አሞራ ገደል የሚሄድ ሰው ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ ቆዳውና አጥንቱ ወጥቶለት፣ ተቆርጦ በዳጣ ወይም በሚጥሚጣ ሲበላ ያያል። ሱሺ ፈላጊ ኢትዮጵያዊ ቦሌ ከመሄዱ በፊት ይህን ቢያውቅ ደስ ይላል። የሐይቆቻችን ዓሣ ላይ በተደረጉ ምርመራዎች ግን ወደ ሰው ሊተላለፉ የሚችሉ ትሎች ተገኝተዋል፤ አሞራ ገደል ላይ ደግሞ እንዲያ አድርጎ የሚያቀዘቅዝ የለም። ስለዚህ እዚያም ቢሆን መጥበሻው አስተማማኙ ነው። ኮልፌ ላይ ዓሣ የሚበዛው በጾም ወራት ሲሆን ተጠብሶ ወይም ጎላሽ ሆኖ ነው የሚቀርበው፤ ጥሬውን የሚጠይቅ እምብዛም የለም።

እነዚህ ሁሉ ምልክቶች፣ መልኩ፣ ሰዓቱ፣ ማኅተሙ፣ ሰናፍጩ፣ ሰው ለብቻው ሊያያቸው የሚችላቸው ናቸው። ከነሱ በኋላ የሚቀረው የማይታየው ነው፤ በሬው መቼ እንደታረደ፣ ከተሰቀሉት ሁለት ብልቶች የትኛው ትናንት እንደመጣ፣ የትኛው የሽንጥ ቁራጭ ለማን እንደተቀመጠ የሚያውቀው ቆራጩ ብቻ ነው። ጃፓን ውስጥ ሱሺ ቤት የለመደ ሰው ምግብ አይመርጥም፤ ምርጫውን ለባለሙያው ይተወዋል፣ ባለሙያውም ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ ዛሬ የሚሻለውን ይሰጠዋል። ኮልፌ ላይ የዚህ አቻ «ዛሬ ምን ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ነው። አዲስ ቤት የሚፈልግ ሰው ይህን ጥያቄ በተለያየ ቀንና ሰዓት፣ ሦስት አራት ጊዜ ቢጠይቅ ቤቱን ያውቀዋል። ሁልጊዜ «ሁሉም አሪፍ ነው» የሚል ቆራጭ እየሸጠ ነው። አንድ ቀን፣ በተለይ አመሻሽ ላይ፣ «ጋሼ፣ ዛሬስ ጥብስ ይሁንልዎ» የሚል ቆራጭ የተገኘ እንደሆነ ፍለጋው አልቋል፤ ሰውየው ከዚያ ቀን ሽያጭ ይልቅ ደንበኛውን መርጧል።

ይህ ደንበኝነት ሲጀመር ትንሽ ወጪ አለው። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ጥሩው ብልት ለቆዩት ደንበኞች ይቀመጣል፤ አዲሱ የሚያገኘው የቀረውን ነው። አንዳንዱ በዚህ ተቆጥቶ ቤት ይቀይራል፣ ሌላ ቤት ሄዶም ያንኑ ያገኛል፤ ዓመቱን ሙሉ እንግዳ ሆኖ ይኖራል። ቆራጩን በስሙ መጥራት፣ ብዙ ሳይሆን በመጠን ማዘዝ፣ የተሰጠው ሥጋ ካልጣመ ሳይጮኹ ለራሱ ለቆራጩ መንገር፣ ጥሩ ሲሆንም እንደዚሁ መንገር፣ እነዚህ ከጉርሻ ገንዘብ በላይ ይሠራሉ። ቆራጭ ቤት ከቀየረ ደንበኛውም አብሮት መሄዱ የተለመደ ነው፤ ስሙ ከፍ ብሎ የተጻፈው የቤቱ ይሁን እንጂ የሚከተሉት ሰውየውን ነው። ባለቤቶቹም ይህን ስለሚያውቁ ጥሩ ቆራጭን እንደ ጥሩ ሾፌር ይንከባከቡታል።

ቁርጥ ለሁሉም ሰው አይደለም። እርጉዝ ሴት፣ ትንሽ ልጅ፣ የበሽታ መከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ወይም መድኃኒት ላይ ያለ ሕመምተኛ ጥሬ ሥጋም ለብለብም ባይበላ ይመረጣል፤ ጥሬ ሥጋ ከኮሶ ሌላ አንጀትን የሚያውኩ ተዋሲያንም ሊይዝ ስለሚችል ለእነርሱ አደጋው ይከብዳል። ገበታው ግን አይለያቸውም፤ ቤተሰቡ ቁርጡን ሲያነሳ ከዚያው በሬ፣ ከዚያው ሽንጥ የተቆረጠው ሥጋ ሽንኩርትና ቃሪያ ገብቶበት በሸክላ ላይ እየተንቸሰቸሰ ከፊታቸው ይቀመጣል።